ውሃ ሁሉን ያሟሟል? ከድሬዳዋ የቀረበ ተቃውሞ

ድሬዳዋ ውስጥ "የውሃ አደጋ" ብትሉ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ደቻቱን ነው። በከዚራና በመጋላ መካከል አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚተኛው ይህ ወንዝ፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ያ ውሃ ደፍርሶ ነበር፤ ድምፅ ነበረው፤ ድንጋይ እያንከባለለ ነው የመጣው። አደገኛነቱን ለማወቅ ኬሚስትሪ መማር አያስፈልግም ነበር።

ዛሬ የማነሳው ሌላኛውን ውሃ ነው፤ ከቧንቧ ወደ ብርጭቆ ሲቀዳ ጥርት ብሎ የሚታየውን፣ ማንም የማይጠረጥረውን። ውሃውን ግን ልከስ አልመጣሁም። የምከሰው ስለ ውሃ የተማርነውን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ውሃ ሁለንተናዊ አሟሚ ነው።"

ታውቁታላችሁ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎታል፣ ደብተራችሁ ላይ ገልብጣችሁታል፣ ፈተና ላይ በባዶ ቦታ ሙሉ መጥቶ አንድ ማርክ አስገኝቶላችኋል። ሲቀልል ደግሞ "ውሃ ሁሉን ያሟሟል" ይባላል። ክሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዓረፍተ ነገሩ በከፊል ሐሰት ነው፤ ሐሰት የሆነው ክፍል ደግሞ በሕይወት የመኖራችንን ምክንያት ይደብቅብናል። ሁለተኛ፣ እውነት የሆነውም ክፍል ቢሆን ምን እንደሚያስከትል ሳይነገረን ይታለፋል፤ ይህ ደግሞ ጤናችንን የሚነካ ጉዳይ ነው። ሁለቱንም ክሶች ከድሬዳዋ ማስረጃ እያመጣሁ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ግን ተከሳሹ ይሰማ

ዓረፍተ ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በዕለት ተዕለት ሕይወት ከምናውቃቸው ፈሳሾች መካከል የውሃን ያህል ብዙ ዓይነት ነገር የሚያሟሟ ማግኘት ይከብዳል። አንድ ሊትር ውሃ 360 ግራም ያህል የገበታ ጨው ያሟሟል። ስኳር ከሆነ ሁለት ኪሎ ገደማ ይወስዳል! ሙሸበክ የሚነከርበት ሽሮፕ ያን ያህል ጣፋጭ ሆኖ ፈሳሽነቱን የማያጣው ለዚህ ነው።

ምሥጢሩ የሞለኪውሉ ቅርጽ ነው። የውሃ ሞለኪውል፣ ኤች ቱ ኦ፣ አንድ ኦክስጅንና ሁለት ሃይድሮጅን አለው። ሦስቱ ቀጥ ብለው አልተሰለፉም፤ በ104.5 ዲግሪ ታጥፈዋል። ኦክስጅን ኤሌክትሮን ላይ ስስታም ነው፤ ከሃይድሮጅኖቹ ጋር በጋራ የያዙትን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይጎትታል። ስለዚህ በኦክስጅኑ በኩል ትንሽ ኔጌቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ትንሽ ፖዘቲቭ ይሆናል። ሁለት ጫፍ ያለው ሞለኪውል ስለሆነ ኬሚስቶች "ፖላር" ይሉታል።

አሁን ጨው ጨምሩበት። ጨው ፖዘቲቭ የሆኑ ሶዲየሞችና ኔጌቲቭ የሆኑ ክሎራይዶች ተቃቅፈው የሠሩት ነው። የውሃ ሞለኪውሎች ሶዲየሙን በኦክስጅን በኩላቸው፣ ክሎራይዱን በሃይድሮጅን በኩላቸው ይከቡትና አንድ በአንድ እየነጠሉ ይወስዱታል። መሟሟት ማለት ይኸው ነው።

ለሕይወት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በደማችሁ ውስጥ ጨው፣ ግሉኮስና ዩሪያ የሚጓዙት ሟሙተው ነው። ጎተራ ውስጥ ያለ ደረቅ ማሽላ ወራትን ሳይበቅል ይቆያል፤ ውስጡ ኢንዛይም አለ፣ ምግብ አለ፣ የጎደለው ሞለኪውሎቹ ተንቀሳቅሰው የሚገናኙበት ውሃ ነው። ውሃ ሲያገኝ በቀናት ውስጥ ይነቃል። እስከዚህ ድረስ ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው። ችግሩ "ሁሉን" ያለ ጊዜ ይጀምራል።

የማንቆርቆሪያው ምስክርነት

ድሬ ውስጥ ከኖራችሁ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ። ሻይ ሲፈላበት ኖሮ ኖሮ ግድግዳው ይወፍራል፤ አንዳንዴ ተፈንቅሎ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። ሰዉ "ካልሲየም ነው" ይላል። ትክክል ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከየት መጣ?

ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ በአካባቢዋ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል። ሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬዳዋ ውስጥ የመተከሉ አንዱ ምክንያት ይኸው ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ በንጹህ ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ያህል ነው። አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ከ20 ሚሊ ግራም ያነሰ ብቻ ይወስዳል። ከጨው 360 ግራም ጋር አወዳድሩት።

ታዲያ ቅርፊቱን የሚያህል ድንጋይ ውሃው ውስጥ እንዴት ገባ? መልሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ዝናቡ በአየር ውስጥ ሲወርድ፣ ይልቁንም አፈር ውስጥ ሲሰርግ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፤ ደካማ አሲድም ይሆናል። ያ ደካማ አሲድ ካልሲየም ካርቦኔቱን ወደሚሟሟ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። ያኔ በሊትር በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ግራም ሊገባ ይችላል። በኖራ ድንጋይ አገር ዋሻዎች የሚፈለፈሉት በዚህ መንገድ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው፣ የጥንት ሰዎች የኖሩበት የፖርክ ኤፒክ ዋሻም በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው ያለው።

ማንቆርቆሪያው ይህን ታሪክ ወደ ኋላ ያጫውተዋል። ውሃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ ካልሲየሙ የሚሟሟበትን ሁኔታ ያጣና ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ስኳር በሙቅ ውሃ የበለጠ ሲሟሟ ይሄኛው በሙቀት ጥሎ ይወጣል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ቅርፊቱ ላይ አቼቶ ወይም ሎሚ ጨምቁበት። ሽሽ ብሎ አረፋ ይወጣዋል፤ ያ አረፋ ከድንጋዩ የተለቀቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ስለዚህ "ያሟሟል ወይስ አያሟሟም?" ብቻውን ግማሽ ጥያቄ ነው። ምን ያህል? በምን ሙቀት? ከምን ጋር? የሚሉትን ካልጨመርን መልሱ ትርጉም የለውም። የተማርነው ዓረፍተ ነገር አንዱንም አይጠይቅም።

ዘይት ውሃን አይጠላም

አሁን ወደ ዋናው ክስ። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ዘይት ጠብ አድርጉ። አማስሉት፣ ምቱት፣ ትንሽ ቆዩና እዩት። ተሰብስቦ ላይ ተንሳፏል። "ሁለንተናዊ አሟሚ" የተባለው ውሃ በየቤቱ ኩሽና ውስጥ በየቀኑ ይረታል።

አንዳንድ ማብራሪያ ይህን ያነሳና "ዘይት ውሃ ጠል ነው" ብሎ ያልፈዋል። ይሄም መታረም አለበት። የዘይት ሞለኪውል ውሃን አይሸሽም፤ እንዲያውም በደካማው ይስበዋል። ጉዳዩ ያለው ውሃው ጋ ነው። የአንዱ የውሃ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክስጅን ይይዛል፤ አንዱ ሞለኪውል እስከ አራት ጎረቤት መያዝ ይችላል። ይህ የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል።

ትስስሩ ምን ያህል እንደሚያጠብቅ ለማየት ሚቴንን አስቡ። ሚቴን ክብደቱ ከውሃ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ግን ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እንዲህ አይያያዙም። በዚህም ምክንያት ከዜሮ በታች 161 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ውሃ ግን በባሕር ወለል 100 ዲግሪ፣ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ደግሞ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። (አዎ፣ "ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል" የሚለውም ድሬ ላይ አይሠራም። እሱን ሌላ ቀን እንከሰዋለን።) በግንቦት ሙቀት ሰውነታችሁን የሚያቀዘቅዘው ላብም ይህንኑ ይመሰክራል። አንድ ግራም ላብ ከቆዳችሁ ላይ ተኖ ሲሄድ 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ያንኑ አንድ ግራም ከዜሮ እስከ መቶ ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃው 420 ጁል እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ ሞለኪውሎቹን ከእርስ በርስ መያያዛቸው ለማላቀቅ የሚከፈል ዋጋ ነው።

እንግዲህ ዘይት መሃላቸው ሲገባ ምን ይሆናል? ዘይቱ የሚያዝበት ፖላር ጫፍ የለውም። በዙሪያው ያሉት የውሃ ሞለኪውሎች መያያዛቸውን ላለማጣት በተወሰነ አቅጣጫ ብቻ ለመደርደር ይገደዳሉ፤ ነፃነታቸው ይቀንሳል። የዘይት ጠብታዎቹ አንድ ላይ ሲጠራቀሙ ግን የሚከበበው ገጽ ያንሳል፤ ብዙ ውሃም ወደ ነፃነቱ ይመለሳል። ዘይቱን የሚሰበስበው የውሃው ባሕርይ ነው ማለት ነው።

ይህን ነው እንግዲህ "ሁሉን ያሟሟል" የሚለው የሚደብቅብን። ውሃ በእርግጥ ሁሉን የሚያሟሟ ቢሆን ኖሮ እናንተ አትኖሩም ነበር። ሕዋስ የሚባለው ነገር ግድግዳ አይኖረውም ነበርና።

የሕዋስ ገለፈት ስቡ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። ራሱ ውሃ ይስማማዋል፤ ሁለቱ ጭራዎቹ ግን ዘይት ናቸው። እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች ውሃ ውስጥ ሲገቡ ማንም ሳያዛቸው በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ ራሳቸውን ወደ ውሃው፣ ጭራቸውን ወደ መሃል ያደርጋሉ። ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር 5 ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ውስጥና ውጭ የሚለየው፣ "ይሄ እኔ ነኝ፣ ያ ሌላ ነው" የሚያሰኘው ይህ ስስ ነገር ነው። ሳሙናም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እሱ ያለው ግን አንድ ጭራ ነው። በ2012 ዓ.ም. "እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ" ስንባል የከረምነው የሳሙናው ጭራ የኮሮና ቫይረስን የስብ ሽፋን ሰርስሮ ስለሚያፈርሰው ነበር። ጠንካራው የድሬ ውሃ ውስጥ ሳሙና አረፋ አልሰጥ ሲል ደግሞ ካልሲየሙ የሳሙናውን ራስ ይዞት፣ የማይሟሟ ጭቃ አድርጎት ነው።

ፕሮቲኖችም እንዲሁ። ፕሮቲን ሲሠራ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ከሰንሰለቱ አንዳንዱ ክፍል ከውሃ ይስማማል፣ አንዳንዱ ዘይታማ ነው። ውሃ ውስጥ ሲሆን ዘይታማው ክፍል ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ሰንሰለቱም ተጠቅልሎ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል። ኢንዛይም ሥራውን የሚሠራው በዚያ ቅርጹ ነው። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ ክፍል የሚጠጥረው ይህ ቅርጽ በሙቀት ፈርሶ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ሲተበተቡ ነው።

ኦክስጅን በውሃ ቢሟሟ ኖሮ

ውሃ በደንብ የማያሟሟው ሌላ ነገር አለ፤ ያለ እሱ ጥቂት ደቂቃ የማንቆየው ኦክስጅን። አብራችሁኝ አስሉ። በሰውነት ሙቀት፣ ከሳንባ በወጣ አንድ ሊትር ደም ውስጥ ሟሙቶ የሚገኘው ኦክስጅን 3 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ትረጫለች። 5 ጊዜ 3፣ 15 ሚሊ ሊትር። አዋቂ ሰው ቁጭ ብሎ እንኳ በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈልጋል። በውሃ ብቻ ብንተማመን ኖሮ ከሚያስፈልገን ከአሥር አንዱን እንኳ አናገኝም ነበር!

ያዳነን ሄሞግሎቢን ነው። በእሱ ምክንያት አንድ ሊትር ደም ወደ 200 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይሸከማል። ሄሞግሎቢን ደግሞ ፕሮቲን ነው፤ እላይ ባልኩት መንገድ የተጠቀለለ። በውስጡ አራት የብረት አተሞች አሉ፤ እያንዳንዱ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ይይዛል።

ብረትና ኦክስጅንና ውሃ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ሚስማር ዝናብ ላይ ትታችሁ ይሆናል። የሄሞግሎቢን ብረት ግን የተቀመጠበት ኪስ ዘይታማ ነው፤ ውሃ እንደልቡ አይገባበትም። በዚያ ኪስ ውስጥ ብረቱ ኤሌክትሮን ሳያጣ ኦክስጅኑን ይዞ፣ መልሶ ለመልቀቅ ይችላል። ደማችሁ ባብዛኛው ውሃ ሆኖ ሳለ በመሃሉ ውሃ የማይገባባቸው ኪሶች ተሸክሟል፤ ትንፋሻችሁም በእነሱ ላይ ቆሟል። "ውሃ ሁሉን ያሟሟል" ብሎ ለተማረ ልጅ ይህ ሁሉ ትርጉም የለውም። ሁሉ ከሟሟ ሄሞግሎቢን ምን ያደርጋል?

አሁን ሁለተኛው ክስ፦ በደንብ የሚሟሟው ነገር

ናይትሬት የሚባል ነገር አለ። ከሰገራና ከሽንት፣ ከከብት ፍግ፣ ከማዳበሪያ የሚመጣ ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ተለውጦ ናይትሬት ይሆናል። ናይትሬት በውሃ እጅግ በቀላሉ ይሟሟል። በዚያ ላይ ኔጌቲቭ ነው፤ የሸክላ አፈር ቅንጣቶችም ገጻቸው ኔጌቲቭ ስለሆነ አይዙትም። ዝናብ ሲመጣ ከጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ሥር እየታጠበ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል።

ድሬዳዋ የምትጠጣው ከእግሯ ሥር ነው። ለምሳሌ የሳቢያን የውሃ ጉድጓዶች ያሉበት አካባቢ ሰፈር ሆኗል፤ ሰው ይኖርበታል፣ መጸዳጃ ይቆፈርበታል። የከተማዋን የከርሰ ምድር ውሃ ያጠኑ ተመራማሪዎችም በአንዳንድ ጉድጓዶች ውስጥ ከሚመከረው በላይ ናይትሬት አግኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። 50 ሚሊ ግራም ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው መቶኛውን እጅ ያህል ነው። ሲሟሟ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ በዚህ መጠን ጣዕምም የለውም።

ልዩነቱን አስተውሉት። ሰው የሚፈራው ማንቆርቆሪያው ላይ የሚያየውን ነጭ ቅርፊት ነው። "ኩላሊት ላይ እንዲሁ ይጋገራል" የሚል ወሬ ያልሰማ የለም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ ጤናን መሠረት ያደረገ ገደብ አላስቀመጠም። በሙቀት አገር ለኩላሊት ጠጠር ይልቅ የሚያጋልጠው ውሃ አሳንሶ መጠጣት ነው። ገደብ የተቀመጠለት፣ የማይታየው ናይትሬት ነው። ዓይናችን የሚፈርደው በተገላቢጦሽ ነው።

ናይትሬት በተለይ የሚያሰጋው ማንን ነው? ስድስት ወር ያልሞላው፣ ጡጦ የሚጠባ ሕፃንን። በሕፃኑ ሆድ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ። ናይትራይት ወደ ደም ይገባና ያንን ውሃ እንኳ እንዳይገባበት የተጠበቀውን ብረት ያገኘዋል፤ ኤሌክትሮን ያሳጣዋል። ኤሌክትሮን ያጣው ብረት ኦክስጅን አይዝም። አዋቂ ሰው ብረቱን ወደ ቀድሞው የሚመልስ ኢንዛይም በበቂ ሁኔታ አለው፤ የሕፃን ገና ደካማ ነው። ከናፍሩና ጥፍሩ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ሲያደላ የምታዩት ለዚህ ነው፤ ደሙም ቸኮላታማ ይሆናል። ይህ ሳይዘገይ ሐኪም ቤት የሚወሰድበት ምልክት ነው።

"አፍልተን ነው የምንሰጠው" የሚል ይኖራል። የተማርነው ዓረፍተ ነገር ጉዳት እዚህ ላይ ይታያል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ለዚያ ግዴታ ነው፣ አትተዉት። የሟሟ ናይትሬት ግን በእንፋሎት አይወጣም። በሊትር 60 ሚሊ ግራም ያለውን አንድ ሊትር ውሃ ሩብ ያህሉ እስኪተን ብታፈሉት፣ በቀረው ሦስት ሩብ ሊትር ውስጥ ያው 60 ሚሊ ግራም አለ። በሊትር ሲሰላ 80 ሆነ! ክሎሪንም አያወጣውም። በጨርቅም ሆነ በሸክላ ማጣሪያ ብታጣሩት የሟሟ ነገር ከውሃው ጋር አብሮ ያልፋል። የሚለየው በልዩ መሣሪያ ነው፤ ከዚያ ይልቅ የሚሻለው ግን ጉድጓዱን ከመነሻው ከመጸዳጃ ማራቅና ፍሳሽን በአግባቡ ማስወገድ ነው። ለሕፃኑ ደግሞ መልሱ ቅርብ ነው፦ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ። የእናት ወተት ውስጥ ናይትሬቱ አነስተኛ ነው። ጡጦ ግድ ከሆነ፣ ናይትሬቱ በላቦራቶሪ የተለካ ውሃ መጠየቅ ተገቢ ነው።

"ለልጆች ለማቅለል ነው" ለሚሉ

ዓረፍተ ነገሩን የሚከላከል መምህር ቢኖር ምን እንደሚል አውቃለሁ። "ለሰባተኛ ክፍል ልጅ ስለ ሃይድሮጅን ትስስር ማውራት ይከብዳል፤ አቅልለን ነው።" ማቅለል አልቃወምም። እኔም እዚህ ብዙ ነገር አቅልያለሁ። ግን ማቅለል ሌላ፣ ማጋነን ሌላ ነው። "ውሃ ብዙ ነገር ያሟሟል፤ ዘይትን አያሟሟም፤ አየርን ትንሽ ብቻ ያሟሟል" ብትሉት ለሰባተኛ ክፍል ይከብዳል? ርዝመቱ አንድ መስመር ነው። ልጁም "ለምን?" ብሎ ይጠይቃል። "ሁሉን ያሟሟል" ያልነው ልጅ ግን የሚጠይቀው ነገር አልቀረለትም። ለፈተና የሚመች ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የጥያቄውን በር ዘግቶ ማርኩን ይሰጣል።

ሌላም ጉዳት አለው። "አሟሚ" የሚለውን ቃል የላቦራቶሪ ቃል ያደርገዋል። ልጁ በዚህ ዓረፍተ ነገር አንድ ማርክ አግኝቶ ቤቱ ይገባል፤ እናቱ የምታፈላው ውሃ፣ አልታጠብ ያለው ሸሚዝ፣ ለታናሽ እህቱ የሚበጠበጠው ወተት፣ ሦስቱም የዚያው ትምህርት ክፍል መሆናቸውን ማንም አልነገረውም።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ እጃችሁን አውጡ። በትሕትና፣ መምህራችሁን ለማሳፈር ሳይሆን፣ "ዘይትስ? ኦክስጅንስ? የኖራ ድንጋይስ በቀዝቃዛና በሙቅ ውሃ አንድ ነው?" በሉ። ጥሩ መምህር በጥያቄው ይደሰታል፤ የዕለቱ ትምህርትም ከዚያ ይጀምራል። የሰፈራችሁ ውሃ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚመጣና ናይትሬቱ መቼ እንደተለካ ደግሞ የከተማውን የውሃ አገልግሎት መጠየቅ ትችላላችሁ። የሚጠጣው ሰው ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

ቤት ስትገቡም ማንቆርቆሪያውን ክፈቱትና ቅርፊቱን እዩት። እሱ ከውሃው ውስጥ የወጣው ነው። ቀጥሎ ብርጭቆውን ቅዱና፣ ሳይወጣ የቀረው ምን እንደሆነ አስቡ።